በብሪጅ የካርታ ጨዋታ፣ በ1 ኖትራምፕ መክፈቻ ላይ ባለ ሁለት ሱት ጥሪ፦ በምን እጅ፣ መቼ፣ በየትኛው ስምምነት?

ጥያቄ፦ «እኔና አጋሬ ተቃራኒዎቻችን 1 ኖትራምፕ (ትራምፕ፣ ማለትም ሌሎቹን የሚቆርጥ ሱት፣ ሳይኖር ለመጫወት የሚደረግ ጥሪ) ሲከፍቱ ላንዲ የተባለውን የጥሪ ስምምነት እንጠቀማለን፤ 2 ክለብ ስንል ሁለቱን ሜጀሮች፣ ስፔድንና ሃርትን፣ ማሳየታችን ነው። በቅርቡ በአንድ የቡድን ውድድር ላይ፣ እኛ ቫልነረብል (ስንጎድል ቅጣቱ የሚከብድብን) ሆነን፣ በቀኜ የተቀመጠው ተጫዋች ከ15 እስከ 17 ነጥብ የሚያሳይ 1 ኖትራምፕ ከፈተ። እጄ በስፔድ ንጉሥ፣ 8፣ 6፣ 3፤ በሃርት ንግሥት፣ 9፣ 7፣ 4፣ 2፤ በዳይመንድ ንጉሥና ጃክ፤ በክለብ ንግሥትና 5 ነበር። 11 ነጥብ ስለያዝኩ 2 ክለብ አልኩ። በግራዬ ያለው ተጫዋች ደብል (ውጤቱን ከፍ የሚያደርግ ጥሪ) አለ። አጋሬ ከእያንዳንዱ ሜጀር ሁለት ሁለት ካርታ፣ ከዳይመንድ አምስት፣ ከክለብ አራት ይዞ 2 ሃርት አለ፤ እሱም ተደበለና ሦስት ትሪክ (በአንድ ዙር ካርታ የሚገኝ ድል) ጎድሎን 800 ነጥብ ከፈልን። በሌላው ጠረጴዛ የቡድን ጓደኞቻችን በተቃራኒዎቹ ካርታ 2 ኖትራምፕ ተጫውተው 120 አመጡ። አጋሬ ‹ላንዲ 5-5፣ ማለትም በሁለቱም ሜጀር አምስት አምስት ካርታ፣ ካልሆነ አይባልም› ይላል። ሌላ ልምድ ያለው ተጫዋች ደግሞ ‹ላንዲን ትታችሁ ዶንት የተባለውን ስምምነት ያዙ› ብሎናል። ስህተቱ የእጄ ነው፣ የስምምነታችን ነው ወይስ የዕድል?»

ምላሽ፦ ስህተቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ የያዙት እጅ በቫልነረብል ሁኔታ፣ በጠንካራ ኖትራምፕ (ከ15 እስከ 17 ነጥብ) ላይ፣ በቀጥታ ወንበር (ከከፋቹ ቀጥሎ ተቀምጦ) የሚጠራበት እጅ አልነበረም። ሁለተኛው፣ ከደብል በኋላ እያንዳንዱ ጥሪ ምን ማለት እንደሆነ ከአጋርዎ ጋር አልተስማማችሁም፤ በዚህም ምክንያት አጋርዎ ከእጁ ውስጥ የተሻለውን መጠለያ ሊያሳይ አልቻለም። የላንዲ ስምምነት ራሱ በዚህ ውጤት አይወቀስም፤ ዕድልም ቢሆን ድርሻው ትንሽ ነው። የአጋርዎ የ5-5 ደንብ ከሚገባው በላይ ጥብቅ ነው፤ ዶንትን ያዙ የሚለው ምክር ደግሞ የገጠማችሁን ችግር አይነካም፤ ምክንያቱም ይህንኑ እጅ በዶንት ብትጠሩትም ኖሮ መጨረሻው የተሻለ አይሆንም ነበር።

ከነጥቡ እንጀምር፤ አብዛኛው ተጫዋች የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። አስ 4፣ ንጉሥ 3፣ ንግሥት 2፣ ጃክ 1 ተብሎ የሚቆጠረው ነጥብ የተበጀው ሁለት ሚዛናዊ እጆች በኖትራምፕ ሲጫወቱ ስንት ትሪክ እንደሚያመጡ ለመገመት ነው። እርስዎ ግን ኖትራምፕ ለመጫወት አልጠሩም፤ ከሁለት ረጃጅም ሱቶች በአንዱ፣ በትራምፕ ለመጫወት ነው የጠሩት። በእንዲህ ያለ ጥሪ ነጥብ ዋጋ የሚኖረው በረጃጅሞቹ ሱቶች ውስጥ ሲቀመጥ ነው። የእጅዎን 11 ነጥብ ቦታ ቦታውን ይዘን ብናየው፣ በስፔድ 3፣ በሃርት 2፣ በዳይመንድ 4፣ በክለብ 2 ነው። ከግማሽ በላይ የሆነው፣ ማለትም 6ቱ ነጥብ፣ ሁለት ሁለት ካርታ ብቻ ባለባቸው ሱቶች ተቀምጧል። እነዚህ የጎን ካርታዎች ተቃራኒዎች ኖትራምፕ ሲጫወቱ ያስቸግሯቸዋል፤ እርስዎ በሃርት ሲጫወቱ ግን የሚሰጡት አገልግሎት እርግጠኛ አይደለም፤ ዳይመንዱ ላይ አስ፣ ክለቡ ላይ አስና ንጉሥ በተቃራኒ እጅ ከተገኙ ደግሞ ብዙም አይጠቅሙም። ትራምፕ እንዲሆን የተፈለገው ሃርት ራሱ በንግሥትና በ9 የሚመራ አምስት ካርታ ነው። በግራ ያለው ተጫዋች ሃርትን በንጉሥ፣ በጃክና በ10 ይዞ ቢጠብቅ የሚያስደነግጠው ነገር የለም።

ከዚህ እጅ ጎን ሌላ እናስቀምጥ፦ በስፔድ ንጉሥ፣ ንግሥት፣ 10፣ 8፣ 5፤ በሃርት አስ፣ ጃክ፣ 10፣ 7፣ 4፤ በዳይመንድ 6ና 2፤ በክለብ 8 ብቻ። ነጥቡ 10 ነው፤ ከእርስዎ በአንድ ያንሳል። ሆኖም አጋሩ ምንም ነጥብ ሳይኖረው ሦስት ትናንሽ ስፔድ ብቻ ቢይዝ እንኳ ይህ እጅ ብቻውን ስድስት ትሪክ አካባቢ ያመጣል። አጋሩ አንድ አስ ወይም አንድ ጠቃሚ ንጉሥ ካከለበት ለኮንትራቱ ይቃረባል። የ10ዎቹና የ8ቱ ሚና እዚህ ላይ ቀላል አይደለም፤ በነጥብ ቆጠራ ውስጥ ባይገቡም ተቃራኒዎች ደብል ለማለት ሲያስቡ በእጃቸው ያለው ጃክ ወይም 9 ዋጋ እንዲያጣ የሚያደርጉት እነሱ ናቸው። ስለዚህ በ1 ኖትራምፕ ላይ ባለ ሁለት ሱት ጥሪ ከማድረግዎ በፊት አንድ ቆጠራ ያድርጉ፦ ሁለት ወይም ከዚያ በታች ካርታ ባለበት ሱት ውስጥ ያለውን ንጉሥ፣ ንግሥትና ጃክ እንደሌለ ይቁጠሩት፤ አስን ግን ይተዉት። በዚህ ቆጠራ የእርስዎ እጅ 5 ነጥብ ሆኖ ይቀራል፤ ሁለተኛው ግን 10 እንደሆነ ይቆያል።

ወደ ቅርጹ ስንመጣ፣ የአጋርዎ ደንብ ትክክለኛ ስጋትን መነሻ አድርጎ ከልክ ያለፈ መደምደሚያ ላይ የደረሰ ነው። ጥያቄው አጋር ከሁለቱ ሱቶች በአንዱ ቢያንስ ስምንት የጋራ ትራምፕ የሚያስገኝ ካርታ የመያዙ ዕድል ስንት ነው የሚል ነው። በጨረታው ላይ የተባለውን ሳንጨምር፣ ቀሪዎቹ 39 ካርታዎች በሦስቱ እጆች በዘፈቀደ ተከፋፍለዋል ብለን ብናሰላ፣ 4-4 ሜጀር ሲይዙ ይህ ዕድል 60 በመቶ ያህል ነው። 5-4 ሲሆን ወደ 74 በመቶ ይወጣል። 5-5 ሲሆን ከ83 በመቶ ትንሽ ይበልጣል። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር ይነበባል። ከ4-4 ወደ 5-4 ያለው እርምጃ ከ5-4 ወደ 5-5 ካለው ይበልጣል፤ ስለዚህ ድንበሩን በ4-4ና በ5-4 መካከል ማድረግ በ5-4ና በ5-5 መካከል ከማድረግ የተሻለ መሠረት አለው። በሌላ በኩል ግን 5-4 ይዘው በጠሩ ቁጥር ከአራት አንድ ጊዜ ያህል የጋራ ሱት ሳይገኝ ይቀራል፤ የእርስዎም ጉዳይ ከዚያች አንድ አራተኛ ውስጥ የወደቀ ነው። ከአራት አንዴ የሚደርስን ነገር ዕድል ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ አስቀድሞ የሚጠበቅና ዋጋው የሚታሰብ ነገር ነው።

የ5-5 ደንብ ሌላው ጉድለት ስምምነቱን ሥራ የሚያሳጣ መሆኑ ነው። አንድ እጅ በአራቱ ሱቶች ያለው የካርታ ብዛት 5-5-2-1 ወይም 5-5-3-0 የመሆን ዕድሉ ድምሩ 4 በመቶ ያህል ሲሆን፣ አምስቶቹ ሁለቱም ሜጀር የሚሆኑት ከዚህ ውስጥ አንድ ስድስተኛው ጊዜ ብቻ ነው፤ ይህም ከ147 እጅ አንድ ገደማ ማለት ነው። 5-4-3-1ና 5-4-2-2 ግን በአንድነት 23.5 በመቶ ስለሚሆኑ፣ አምስቱና አራቱ ሜጀር የሆኑበት ድርሻ ወደ 4 በመቶ ይጠጋል። 5-4ን ሙሉ በሙሉ መከልከል ላንዲ የሚሠራባቸውን እጆች አብዛኞቹን መጣል ነው። ይልቁንም 5-4ን ለሁለት ከፍሎ ማየት ይሻላል። 5-4-3-1 አንድ ካርታ ብቻ ያለበት ሱት ስላለው በትራምፕ መቁረጥ ያስችላል፤ ነጥቡም በአብዛኛው በረጃጅሞቹ ሱቶች ይሰበሰባል። 5-4-2-2 ግን ከሚዛናዊ እጅ ብዙም የራቀ አይደለም፤ የእርስዎም እጅ ይኸው ቅርጽ ነበር።

የዋጋውን ነገር በቁጥር ካላየነው «ቫልነረብል ስትሆን ተጠንቀቅ» የሚለው ምክር ባዶ ይሆናል። በቡድን ውድድር ጥሪዎ ተሳክቶ 2 ሃርት ተጫውታችሁ 110 ብታገኙ፣ በሌላው ጠረጴዛ ጓደኞቻችሁ 120 ቢያመጡ፣ ድምሩ 230 ነው፤ ይህ 6 ኢምፕ (የቡድን ውድድር መለኪያ ነጥብ) ያስገኛል። በደረሰባችሁ ውጤት ግን 800 ከፍላችሁ 120 ስለተመለሰላችሁ ልዩነቱ 680 ነው፤ ይህ 12 ኢምፕ ያስከፍላል። አንድ ጥፋት ሁለት ሙሉ ስኬቶችን ያጠፋል ማለት ነው። ቫልነረብል ባትሆኑ ኖሮ ያው ሦስት የጎደለ ትሪክ 500 ብቻ ይሆን ነበር። በጥንድ ውድድር ላይ፣ ማለትም ጥንዶች ውጤታቸውን እርስ በርስ በሚያወዳድሩበት፣ ስሌቱ መልኩን ይለውጣል። ቫልነረብል ሳትሆኑ ሳትደበሉ ሁለት ትሪክ ቢጎድላችሁ 100 ትከፍላላችሁ፤ ተቃራኒዎች በ1 ኖትራምፕ 120 የሚያገኙ ከነበሩ ይህ ጥሩ ውጤት ነው። ቫልነረብል ስትሆኑ ግን ያው ሁለት የጎደለ ትሪክ 200 ነው፤ ተደብላችሁ አንድ ብቻ ቢጎድልም 200 ነው። 200 ደግሞ ተቃራኒዎች ከጌም (ትልቅ ጉርሻ ከሚያስገኝ ኮንትራት) በታች በተለምዶ ከሚያገኟቸው ውጤቶች ሁሉ፣ ከ90ም ከ110ም ከ120ም ከ150ም ይበልጣል። ስለዚህ በጥንድ ውድድር ቫልነረብል ያልሆነ ጥንድ በነፃነት ሊጠራ ይችላል፤ ቫልነረብል የሆነው ግን በቡድንም በጥንድም እጁን መርምሮ ነው የሚጠራው።

አንድ ነገር ለሚዛን ያህል መጨመር አለብኝ። ተቃራኒዎችም በፈለጉት ጊዜ ደብል አይሉም። ቫልነረብል ሆናችሁ የተደበለ 2 ሃርት ወይም 2 ስፔድ ብታደርሱ ጌም ሆኖ 670 ስለሚያስገኝላችሁ በቡድን ውድድር ጠንቃቃ ተጫዋች ትራምፑን በደንብ ሳይይዝ አይደብልም። የሚደብለው ሱታችሁ ደካማ መስሎ ሲታየውና ከኋላችሁ አራት ጥሩ ትራምፕ ሲይዝ ነው። የሱት ጥራት ከነጥብ ይቅደም የምለው በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

አሁን ወደ መክፈቻው ጥንካሬ እንሂድ፤ በጥያቄዎ ውስጥ ያልተነሳው ትልቁ ጉዳይ ይህ ነው። ተቃራኒዎ ከ15 እስከ 17 ሲያሳይ በአማካይ 16 ይዟል እንበል፤ እርስዎ 11 ካለዎት ከ40ው ነጥብ የሚቀረው 13 ነው፤ እሱንም አጋርዎና በግራዎ ያለው ተጫዋች ይካፈሉታል። የእናንተ ጎን ጌም የማግኘቱ ዕድል እጅግ ጠባብ ስለሆነ የጥሪዎ ዓላማ ከጌም በታች ባለው ውጤት ላይ መታገልና ተቃራኒዎችን ከሚመቻቸው ቦታ ማስወጣት ነው። መክፈቻው ከ12 እስከ 14 ሲሆን ግን የሚቀረው 16 ነጥብ ያህል ነው፤ ጌሙ የእናንተ ሊሆን ይችላል፤ ጠንካራ እጅ ይዞ ዝም ማለትም ውድ ስህተት ይሆናል። ስለዚህ በደካማ ኖትራምፕ ላይ ደብል የሚለው ጥሪ ለቅጣት መቀመጥ አለበት፤ 15 ነጥብና ከዚያ በላይ ያለው እጅ የሚያሳየው ሌላ መንገድ የለውምና።

ዶንትን በተመለከተ የተሰጣችሁ ምክር የሚፈተነውም እዚሁ ላይ ነው። ማርቲ በርገን ያወጣው ይህ ስምምነት ደብልን ለአንድ ረጅም ሱት ይሰጠዋል፤ 2 ክለብ ክለብንና ከእሱ በላይ ያለን ሌላ ሱት፣ 2 ዳይመንድ ዳይመንድንና አንድ ሜጀርን፣ 2 ሃርት ሁለቱን ሜጀሮች፣ 2 ስፔድ ስፔድን ብቻ ያሳያል። ዋና ጥቅሙ በርካታ ቅርጾችን በሁለተኛው ደረጃ ላይ በዝቅታ ማሳየት መቻሉ ነው፤ ማይነር (ክለብ ወይም ዳይመንድ) ያለበትን ባለ ሁለት ሱት እጅ ከእሱ የተሻለ የሚያስተናግድ ስምምነት ጥቂት ነው። ነገር ግን ሁለት ነገር ይከፈልበታል። የቅጣት ደብል ይጠፋል፤ ይህ በጠንካራ ኖትራምፕ ላይ ብዙም አይጎዳም፣ በደካማ ኖትራምፕ ላይ ግን ተቃራኒዎችን ያለ ሥጋት ያስተኛቸዋል። ሁለተኛ፣ ሁለቱ ሜጀሮች በ2 ሃርት ስለሚታዩ አጋር ከሁለቱ የትኛው እንደሚረዝም የሚጠይቅበት ቦታ አይኖረውም፤ ሁለት ሁለት ወይም ሦስት ሦስት የያዘ አጋር በግምት ይመርጣል። የእናንተ ችግር ሜጀሮቹ ላይ የደረሰ ስለሆነ ዶንት እንዲያውም በዚያች ቦታ ላይ ያባብሰው ነበር።

ካፔሌቲ የተባለው ሌላ ስምምነት በብዙዎች ዘንድ የታወቀ ስለሆነ ባጭሩ ላንሳው። በእሱ 2 ዳይመንድ ሁለቱን ሜጀሮች፣ 2 ክለብ አንድ ያልታወቀ ረጅም ሱት፣ 2 ሃርትና 2 ስፔድ ያንን ሜጀር ከአንድ ማይነር ጋር ያሳያሉ፤ ደብል ለቅጣት ይቀራል። ሜጀሮቹ በ2 ዳይመንድ ስለሚታዩ አጋር በዝቅታ የሚጠይቅበት ጥሪ እንደገና ይጠፋል። ከዚህም በላይ አንድ ረጅም ሜጀር ያለው እጅ 2 ክለብ ብሎ ስለሚጀምር ተቃራኒዎች ምን ሱት እንደተጠራባቸው ሳያውቁም ቢሆን የሚመካከሩበት ሰፊ ቦታ ያገኛሉ።

መልቲ ላንዲ የሚባለው አሰላለፍ እነዚህን ሁለት ጉድለቶች ያርማል፤ የእኔም ምርጫ እሱ ነው። አልቪን ላንዲ ያወጣው 2 ክለብ ለሁለቱ ሜጀሮች እንደነበረ ይቆያል። 2 ዳይመንድ ከሁለቱ ሜጀሮች የአንዱን ስድስት ካርታ ያሳያል፤ አጋር በአብዛኛው 2 ሃርት ይላል፣ ሱቱ ስፔድ ከሆነ ጠሪው ያስተካክላል። 2 ሃርት አምስት ሃርትና አንድ ማይነር፣ 2 ስፔድ አምስት ስፔድና አንድ ማይነር፣ 2 ኖትራምፕ ሁለቱን ማይነሮች ያሳያል። ሜጀሮቹ በ2 ክለብ በመታየታቸው ከላዩ ያለው 2 ዳይመንድ ለአጋር ጥያቄ ሆኖ ያገለግላል፤ «ረጅሙን ሜጀር ንገረኝ» ማለት ነው። አጋር ሦስት ሦስት ወይም ሁለት ሁለት ሲይዝ መምረጥ የለበትም፤ ይጠይቃል፤ አምስቱ ያለበት ሱት ይገኛል። በዚህች አንዲት ጥሪ ምክንያት 5-4 የያዘ ተጫዋች አራቱ ካርታ ባለበት ሱት ላይ እንዳይቀር ይድናል። 5-4ን እንፍቀድ ያልኩት ይህ መጠየቂያ እንዳለ በማሰብ ነው፤ እሱ ከሌለ የአጋርዎ 5-5 ደንብ የበለጠ ምክንያታዊ ይሆናል።

የቀረው የአጋር መልስ ቀላል ነው፤ ቀላል ሆኖም ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እሱ ነው። 2 ሃርትና 2 ስፔድ ምርጫ ብቻ ናቸው፤ ነጥብ አያሳዩም፣ ጠሪውን ወደ ላይ አይጋብዙም። ለመጋበዝ አራት ካርታ ይዞ ወደ 3 ሃርት ወይም 3 ስፔድ መዝለል ያስፈልጋል። ረጅም ክለብ፣ ማለትም ስድስት ካርታ ያህል፣ ኖሮት ሜጀር የሌለው አጋር 2 ክለብ ላይ ፓስ ማለት ይችላል። ሜጀር የለኝም ብሎ በ8 ወይም በ9 ነጥብ 2 ኖትራምፕ ማለት ግን መወገድ ያለበት ልማድ ነው፤ ባለ ሁለት ሱት እጅ ከአጋር ጋር ሳይገጥም ሲቀር ኖትራምፕ መጠለያ አይሆንም፣ ጉድጓዱን ያሰፋዋል እንጂ።

በእናንተ ጠረጴዛ የተበላሸው ሁለተኛው ነገር ከደብል በኋላ ያለው ነው። በግራ ያለው ተጫዋች 2 ክለብን ሲደብል ለአጋር ቦታ አይወስድበትም፤ እንዲያውም ሪደብል (ደብልን መልሶ መደበል) የሚባል አዲስ ጥሪ ይጨምርለታል። የምመክረው ትርጉም እንዲህ ነው፦ ሪደብል «ረጅሙን ሜጀር ንገረኝ» ማለት ይሁን፤ ይህ ሲሆን 2 ዳይመንድ ከጥያቄነቱ ነፃ ይወጣና ትክክለኛ ረጅም ዳይመንድ ያሳያል፤ ፓስ ደግሞ ክለብ ላይ ለመቆየት ፈቃደኛ መሆንን ያሳያል፤ 2 ሃርትና 2 ስፔድ ቢያንስ ሦስት ካርታ ያለበት እውነተኛ ምርጫ ይሆናሉ። አጋርዎ አምስት ዳይመንድ ይዞ ነበር፤ እርስዎ ዳይመንድን በንጉሥና በጃክ ያዙ። ይህ ስምምነት ቢኖራችሁ ኖሮ 2 ዳይመንድ ይል ነበር፤ ሰባት ካርታ ሆኖ መልካም የላይ ካርታ ያለው ሱት ይሆን ነበር፤ እሱ ስለሌለ ግን በሁለት ካርታ 2 ሃርት ለማለት ተገደደ። ተደብላችሁ 2 ዳይመንድ ብታደርሱ ጌም ስለማይሆን ተቃራኒዎች በቀላሉ ይደብሉት ነበር፤ ያም ሆኖ ኪሳራው ከ800 በእጅጉ ባነሰ ነበር። ከደብል በኋላ ጠሪው ራሱ ማድረግ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ አጋሩ ከመረጠለት በኋላ በራሱ ሐሳብ ወደ ሌላ ሱት አለመሸሽ። እጁን አንድ ጊዜ ተናግሯል፤ ሁለተኛ መናገር አጋሩ የማያውቀውን ተጨማሪ ርዝመት ማሳየት ነው።

ወንበርም ልዩነት ያመጣል። እርስዎ የጠሩት ከከፋቹ ቀጥሎ በመቀመጥ ነው። በዚህ ወንበር የከፋቹ ትላልቅ ካርታዎች ከእርስዎ በፊት ስለሚወጡ ንጉሦችዎ ጥሩ ቦታ ላይ ናቸው፤ ነገር ግን በግራዎ ያለው ተጫዋች ገና አልተናገረምና ምንም ያህል ሊይዝ ይችላል። 1 ኖትራምፕ ተከፍቶ ሁለት ፓስ ተከትሎ ወደ አራተኛ ወንበር ሲደርስ ሁኔታው ይገለበጣል። በቀኝዎ ያለው በፓሱ ድካሙን ስላሳየ አጋርዎ ጥቂት ነጥብ እንዳለው መገመት ይቻላል፤ የመደበል አደጋውም ይቀንሳል። በአንጻሩ ከፋቹ አሁን ከኋላዎ ስለተቀመጠ ንጉሥዎ በእሱ አስ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ በአራተኛ ወንበር በነጥብ ትንሽ ዝቅ ማለት ይፈቀዳል፣ በቅርጽ ግን አይፈቀድም። ሚዛናዊ እጅ ይዞ «እነሱ እንዲጫወቱት አልተውላቸውም» ብሎ መጥራት በየትኛውም ወንበር አያዋጣም።

ሁሉንም የሚያስተናግድ ስምምነት የለም። መልቲ ላንዲ አምስት ማይነርና አራት ሜጀር ያለውን እጅ በሁለተኛው ደረጃ አያሳይም። አንዳንድ ጥንዶች በጠንካራ ኖትራምፕ ላይ ደብልን ለዚሁ ቅርጽ ይሰጡታል፤ ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም መልሶቹንና በመካከል ደብል ወይም ጥሪ ሲገባ የሚሆነውን በደንብ ያልተለማመደ ጥንድ ከሚያገኘው የሚያጣው ይበልጣል። እናንተ ለጊዜው በዚያ እጅ ፓስ በሉ። ሁለቱን ማይነሮች የሚያሳየው 2 ኖትራምፕም ወደ ሦስተኛው ደረጃ ስለሚወስዳችሁ ከ5-5 በታች ሆኖ፣ በተለይም ቫልነረብል ስትሆኑ፣ መጠራት የለበትም። 2 ሃርትና 2 ስፔድም ቢሆን አጋር ሜጀሩ ካልጣመው ማይነሩን ፍለጋ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ይወጣል፤ ስለዚህ ሜጀሩ አምስት ጥሩ ካርታ መሆኑ ግዴታ ነው።

እንግዲህ የማቀርብላችሁ ምክር የተቆረጠ ነው። መልቲ ላንዲን ያዙ፤ በጠንካራውም በደካማውም ኖትራምፕ ላይ አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ተጫወቱት፤ ደብልን በሁለቱም ላይ ለቅጣት አስቀምጡ፤ በጠንካራው ላይ እምብዛም እንደማትጠቀሙበት እያወቃችሁ። በቀጥታ ወንበር 2 ክለብ ለማለት ቫልነረብል ስትሆኑ 5-5 ሆኖ በረጃጅሞቹ ሱቶች ውስጥ 9 ነጥብ ያህል፣ ወይም 5-4-3-1 ሆኖ ሁለት ጥሩ ሱቶችና 11 ነጥብ ይኑራችሁ። 5-4-2-2 ይዛችሁ ቫልነረብል ከሆናችሁ ፓስ በሉ፤ ልዩነት የሚደረገው የጎን ሱቶቹ ነጥብ የሌላቸው ሆነው ነጥቡ በሙሉ ሜጀሮቹ ውስጥ ሲሆን ብቻ ነው። ቫልነረብል ካልሆናችሁ ከእነዚህ መለኪያዎች ሁለት ነጥብ ዝቅ ማለት ትችላላችሁ፤ 5-4-2-2ም ሱቶቹ 10ና 9 የተቀላቀለባቸው ከሆኑ ይፈቀዳል። 4-4ን በቀጥታ ወንበር ሙሉ በሙሉ ተዉት። ከደብል በኋላ ያሉትን አራት ትርጉሞች ደግሞ ዛሬውኑ ጽፋችሁ ሁለታችሁም ያዙት፤ ከምክሩ ሁሉ ቶሎ ውጤት የሚያሳየው እሱ ነው።

በመጨረሻ አንድ ማስጠንቀቂያ። የዱፕሊኬት ብሪጅ ሕግ ቁጥር 40 አጋሮች በመካከላቸው ያላቸውን ስምምነት ተቃራኒዎች እንዲያውቁ ያስገድዳል። 2 ክለብ ስትሉ ማብራሪያውን የሚሰጠው ጠሪው ሳይሆን አጋሩ ነው፤ ማብራሪያውም «ላንዲ ነው» በማለት ብቻ አያበቃም፤ ስሙ ለተለያዩ ጥንዶች የተለያየ ነገር ይነግራቸዋልና። «ሁለቱም ሜጀር፣ ቢያንስ 5-4፣ አምስቱ በየትኛውም ሊሆን ይችላል» ብላችሁ አስረዱ። የማሳወቂያው ሥርዓት እንደ አዘጋጁ አካል ስለሚለያይ ከውድድሩ በፊት የዚያን ውድድር ደንብ አንብቡ፤ ተቃራኒዎቻችሁ 2 ክለብን ሲደብሉም ደብሉ ጥንካሬን ያሳይ ወይም ሌላ ነገርን፣ ተራችሁ ሲደርስ ጠይቁ፤ በሪደብልና በፓስ መካከል የምትመርጡት መልሱን ሰምታችሁ ነውና።